ደራሽ ውሃ በድሬዳዋ

ልጆች፣ በአርቦዬም በአሰላም ሬዲዮኑን ከባችሁ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ደብተራችሁን ግለጡ። የዛሬው ቃላችን «ደራሽ» ነው። ደ፣ ራ፣ ሽ። ለተቸገረ ሰው ፈጥኖ የሚመጣለት ደራሽ ይባላል። ሳይታሰብ መጥቶ የሚጠራርግ ጎርፍም ደራሽ ይባላል። ታሪካችን ስለ ሁለተኛው ነው።

ድሬዳዋን በስም ታውቋታላችሁ። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት። በመካከሏ ደቻቱ የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ አለ። ታዲያ ወንዝ ስላችሁ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት እንዳይመስላችሁ! የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ዳርና ዳሩም ላይ ቤት ተሠርቶ ነበር። ደረቅ አሸዋን ማን ይፈራል?

በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከከተማው በስተደቡብ ባለው በሐረርጌ ደጋ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ድሬዳዋ ያለችው ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ቁልቁለቱን አስቡት። ዛፍና ሣር ቢኖር ውሃውን ያዝ ያደርገው ነበር፤ ተራራው ግን ተራቁቷል። ጎርፉ አፈሩንና ድንጋዩን እየጠረገ በደቻቱ ወረደ። ሌሊት ነው፤ ሰዉ ተኝቷል። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ደጋው ላይ የነበረ ሰው ዝናቡን ሰምቷል። ውሃው ታች እስኪደርስ ደግሞ ጥቂት ጊዜ አለ፤ ሕፃን አዝሎ ከወንዙ ዳር ለመራቅ ያህል። የጎደለው ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ ወሬ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ዝናብን የሚያቆም ሰው የለም፤ ወሬ ግን ከውሃ ሊፈጥን ይችላል። በኋላ በደቻቱ ዳርቻ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንብ ደህና ነው፤ ሆኖም የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

በሌላም አገር እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ በባሕር ዳር፣ ኅዳር 1963 ዓ.ም. ታላቅ አውሎ ነፋስ ተነሣ። የባሕሩን ውሃ እየገፋ ወደ መሬት አወጣውና ቢያንስ 300,000 ሰው አለቀ። የአየር ጠባይ አዋቂዎች አውሎ ነፋሱ መምጣቱን ዐውቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በየደሴቱ ላለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በሚገባ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ድምፅ ማጉያ ይዘው እየዞሩ «ውጡ! ወደ መጠለያ ሂዱ!» ይላሉ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሌላ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞቱት 3,400 ያህል ነበሩ። ይህም ብዙ ነው፤ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸውና እዩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ደቻቱ የእናንተ ወንዝ አይደለም፤ ከለታ ግን የእናንተው ነው። ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ አዋሽ ይገባል፤ በአዋሽ ዳር ደግሞ ብዙ ሰውና ከብት አለ። ዛሬ ማታ አያታችሁን ጠይቁ፦ በደጃችን የሚያልፈው ጅረት ወዴት ይሄዳል? ታች ማን ይኖራል? ክረምት ሲበረታ ማን ይነግረዋል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉና ነገ ለመምህራችሁ አሳዩ።