ከውኃ በታች በእጅ መነጋገር

በሬዲዮ የቀረበ ንባብ፤ ለአዲስ አንባብያን

 

የዛሬው ንባባችን ስለ እጅ ነው። በእጅ ስለሚሠራ ሥራ አይደለም፤ በእጅ ስለሚነገር ቃል ነው እንጂ። ታሪኩ የሚጀምረው ከባሕር ውስጥ ነው። «ባሕር እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት ይመጣል። የውጭ አገር ዓመቶችን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የባቲን የሰኞ ገበያ ታውቁታላችሁ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው እዚያ ይገናኛል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ካላወቀ ምን ያደርጋል? ጣቱን ያወጣል፤ ራሱን ይነቀንቃል። በሶማሌ አገር ደግሞ የግመል ደላሎች ዋጋውን ሌላ ሰው እንዳያውቅባቸው እጃቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። ከጨርቁ ሥር ጣት ለጣት ተነካክተው ይከራከራሉ። አፍ ዝም ይላል፤ እጅ ይናገራል።

ከባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የአፋርን ምድር አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ያደርሳል። እኛም እንውረድ።

በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ከጥንት ጀምሮ ዕንቁ ይወጣ ነበር። የዕንቁ ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ይወርዳል። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የነበሩ ጠላቂዎች በገመድ ከጀልባው ጋር ይያያዙ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ገመዱን ይስባሉ። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ቶሎ ጎትቶ ያወጣቸዋል። ያ የገመድ መሳብ ቃል ነበር። ትርጉሙም «አውጣኝ!» ማለት ነው።

ከ1830ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ ትልቅ የብረት ቆብ ያጠለቁ ጠላቂዎች መጡ። አየር ከላይ በቱቦ ይላክላቸው ነበር። እነዚህም የሚነጋገሩት ገመድ በመሳብ ነው። አንድ ጊዜ መሳብ አንድ ነገር፣ ሁለት ጊዜ መሳብ ሌላ ነገር ነበር።

በ1943 ግን ነገሩ ተለወጠ። ዣክ ኩስቶ የተባለ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንንና ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ አዲስ መሣሪያ ሠሩ። የታመቀ አየር የያዘ የብረት ጠርሙስ በጀርባ ይታዘላል፤ የቱቦው ጫፍ በጥርስ ይነከሳል። ጠላቂው እንደ ዓሣ ወደ ፈለገበት ሄደ። በ1952 እና በ1953 ከኢጣልያ የመጡ ጠላቂዎች በዳህላክ ባሕር ውስጥ ጥናት አደረጉ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ያነሣው ፊልምም በ1954 ለሕዝብ ታየ። ደሴቶቹ ዛሬ የኤርትራ ናቸው።

እንግዲህ ገመዱ ቀረ። ታዲያ ጠላቂው በምን ይናገር? አፉ ቱቦ ነክሷል። ጆሮውም ብዙ አይረዳውም። ወንዝ ውስጥ ጠልቆ የዋኘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከዳር ሲጠሩት ቃሉ አይለይለትም። ድምፅ በውኃ ውስጥ በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ጆሯችን ድምፁ ከየት እንደ መጣ መለየት ያቅተዋል። ጠላቂዎች ታዲያ ወደ እጃቸው ተመለሱ።

እስቲ እጃችሁን ዘርጉ፤ አብረን እንሥራው።

አንደኛ፦ የአውራ ጣትንና የጠቋሚ ጣትን ጫፍ ገጥማችሁ ክብ ሥሩ። የቀሩት ሦስት ጣቶች ቀጥ ይበሉ። ይህ «ደህና ነህ?» ማለት ነው። መልሱም ያው ነው፦ «ደህና ነኝ።»

ሁለተኛ፦ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት። ይህ «ችግር አለ» ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ እጃችሁን እንደ ቢላዋ በጉሮሯችሁ ፊት አሳልፉት። ይህ «አየር አለቀብኝ!» ማለት ነው።

አራተኛ፦ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አንሡ። ይህ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው።

አራተኛውን ልብ በሉ። በየብስ ላይ ብዙ ሰው አውራ ጣቱን የሚያነሣው «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» ለማለት ነው። ከውኃ በታች ግን «ይብቃን፣ እንውጣ» ማለት ነው። ምልክት በግምት አይያዝም፤ እንደ ፊደል ይጠናል። ስለዚህ ጠላቂዎች ከመውረዳቸው በፊት ምልክታቸውን አብረው ይከልሳሉ። የሕይወት ጉዳይ ነዋ!

ነገር ግን የጠላቂዎች ምልክት ጥቂት ነው። ለአደጋና ለመንገድ ይበቃል፤ ለጨዋታ አይበቃም። ስለ ልጁ ሠርግ ወይም ስለ ዘንድሮው ማሽላ ሊያወራ የፈለገ ጠላቂ እስኪወጣ መታገሥ አለበት። ከውኃ በታች እንደ ልቡ የሚያወራ ማን ነው? በምልክት ቋንቋ ያደገ፣ መስማት የተሳነው ጠላቂ ነዋ! እሱ እዚያ ታች ይጠይቃል፤ ይመልሳል፤ ይቀልዳል። አጠገቡ ያለው የሚሰማ ሰው ግን ያው «ደህና ነኝ» ብቻ ይላል። በየብስ ላይ «መናገር አይችልም» የተባለው ሰው ከባሕር በታች ተናጋሪ ሆነ። እሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ታዲያ ይህ ሙሉ ቋንቋ ወደ አገራችን እንዴት ገባ? ከ1760ዎቹ ጀምሮ ኤፔ የተባለ ቄስ በፓሪስ ከተማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ያስተምር ነበር። በ1817 ሎራን ክሌር የተባለ፣ ራሱ መስማት የተሳነው የፈረንሳይ መምህር፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ረዳ። የፈረንሳይ ምልክት እዚያ ከነበረው ጋር ተቀላቀለ።

መንገዱ ሁልጊዜ ቀና አልነበረም። በ1880 በሚላን ከተማ የተሰበሰቡ መምህራን «ልጆቹ በአፍ ይናገሩ፤ ምልክት ይቅር» ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጆች በእጃቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ቋንቋው ግን አልጠፋም።

በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከአሜሪካ የመጡ ሚስዮናውያን በአዲስ አበባ፣ በመካኒሳ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአሜሪካ ምልክት የእኛ ሰዎች ቀድሞ ከሚጠቀሙበት ጋር ተዋሐደ። በኋላም የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ከሁሉ የሚያስደስታችሁ ይህ ነው፦ ፊደላችንም በእጅ ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ ለማለት እጁ በሰባት ዓይነት መንገድ ይለያል። እናንተ በእርሳስ የለያችኋቸውን ሰባቱን ድምፆች እነሱ በእጃቸው ይለያሉ።

ወደ ቤታችን ተመለስን። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል አስቡት። ሰው ጆሮው አልሰማ ሲል «ደንቆሮ» አልን፤ ምንም የማያውቀውንም «ደንቆሮ» አልን። አለመስማትንና አለማወቅን አንድ አደረግናቸው። እናንተ ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት «መሃይም» የሚለው ስድብ እንዴት ያም እንደ ነበር ታውቃላችሁ። የጎደላችሁ ትምህርት እንጂ አእምሮ አልነበረም። መስማት የተሳነው ልጅም እንደዚሁ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ ኦሮምኛ አንዱ ነው። በኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ምክንያቱም ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲማር ይበረታል። መስማት ለተሳነው ልጅ የሚገባው ቋንቋ ምልክት ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አትደብቁት። ወደ ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የት መማር እንደሚችል ጠይቁ። አትዘግዩ፤ ቋንቋ በልጅነት ሲያዝ ይጠነክራል። እናንተም ምልክቱን ከልጁ ጋር ተማሩ። ልጁ ብቻውን ቢማር ቤት ሲመለስ ከማን ጋር ይነጋገራል? ባሕር ውስጥ የወረደ ሰው እንኳ ምልክቱን የሚያውቅ ጓደኛ ይዞ ነው የሚወርደው።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦

1. ጠላቂዎች ገመድ ሲቀር በምን ተነጋገሩ?
2. አውራ ጣት ማንሣት በየብስና በውኃ ውስጥ ምን ምን ማለት ነው?
3. በመንደራችሁ ትምህርት ያላገኘ፣ መስማት የተሳነው ልጅ አለ? ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?

በሉ፣ ደህና ሁኑ።