የቤተ ዘመድ ዳኝነትና መማለጃ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የኢትዮጵያ ሕዝብ ለፍርድ የሰጠውን ከፍ ያለ ክብር ለማስረዳት ዘወትር ይጠቀሳል። እምብዛም የማይነገረው ግን ይኸው ፍርድ አክባሪ ሕዝብ ዳኛውን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከት የነበረ መሆኑ ነው። ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በመሬትና በግብር ክርክር ስለታየው ጉቦ ብዙ ተብሏል፤ በፍቺ፣ በንብረት ክፍያና በልጅ አሳዳጊነት ክርክር የገባው መማለጃ ግን በቤት ገበና ስም ተሸፍኖ እምብዛም ሳይመረመር ቆይቷል።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በዳኛው መተዳደሪያ ላይ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ዳኛ ደመወዝተኛ አልነበረም፤ የሚኖረው ከዳኝነቱ ነበር። ተከራካሪዎች ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ብለው ይወራረዳሉ፤ የተረታውም ወገን ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ባለጉዳይ ወደ ሹም ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም፤ ይዞት የሚመጣውም «እጅ መንሻ» ይባላል። እንግዲህ እጅ መንሻው የት ላይ አብቅቶ ጉቦው የት ላይ እንደሚጀምር የሚለይ ግልጽ ወሰን አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገርበት ክፍል መማለጃን ያወግዛል፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሚያወግዘውንና ልማዱ የሚፈቅደውን ለይቶ የሚቆጣጠር አካል አልነበረም።

በጋብቻ ጉዳይ ሁኔታው ይብስ ነበር። የሰማንያ ጋብቻ የሚፈጸመው በዋስና በእማኝ ፊት ነው፤ ትዳሩ ሲናጋም በቅድሚያ የሚጠሩት እነዚያው እማኞች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ናቸው። ይህ ልማድ በጎ ጎን እንደነበረው አይካድም፤ ስንቱን ትዳር አስታርቋል፤ ባለጉዳዮችንም ከሩቅ ጉዞና ከወጪ አድኗል። ነገር ግን ሽማግሌው ወንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የባልየው ጎረቤት፣ አበልጅ ወይም የርስት ተጋሪ ነው። ለእርሱ የሚደገሰው ድግስ፣ የሚነዳለት ሙክት፣ በዓመት በዓል የሚላክለት ጠጅ ጉቦ ተብሎ አይጠራም፤ ዝምድና ነው። ሚስትየዋ በዚሁ መንገድ ልሂድ ብትል እንኳ ከብቱና እህሉ በባልየው እጅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በጋብቻ ረገድ ይህንኑ ልማድ ተቀብሎ የሕግ ኃይል ሰጠው። ለጋብቻው እማኝ የነበሩት ሰዎች የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሆነው የባልና የሚስትን ጠብ እንዲያዩ፣ ማስታረቅ ካልቻሉም ፍቺውን እንዲወስኑና ውጤቱን እንዲያደላድሉ ተደረገ። ሥልጣናቸው ቀላል አልነበረም። ጥፋተኛ ነው ያሉትን ወገን ከጋራው ሀብት የሚደርሰውን ድርሻ በመቀነስ ሊቀጡት ይችሉ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ሕጉ ቢያዝም፣ ከባድ ምክንያት ሲኖር በሌላ መንገድ እንዲወሰን በር ተከፍቶ ነበር፤ ምክንያቱን ከባድ ነው ወይም አይደለም የሚለውም ያው ሽማግሌ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስተውሎ መነበብ የሚገባው ስለ ይግባኝ የሚናገረው ድንጋጌ ነው። የሽማግሌዎቹ ውሳኔ በፍርድ ቤት ሊነቀፍ የሚችለው ሽማግሌዎቹ በጉቦ ተደልለው ወይም ሦስተኛ ወገን አጭበርብሮ እንደሆነ፣ አለዚያም ውሳኔው ከሕግ ውጭ ወይም ፈጽሞ ከአእምሮ ግምት የራቀ እንደሆነ ብቻ ነበር። የሕጉ አሳብ ክርክር እንዳይራዘም፣ የቤት ገበናም በየችሎቱ እንዳይዘራ ይመስላል። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ውሳኔው ከሕግ የወጣ ወይም ከአእምሮ የራቀ መሆኑን ለማስረዳት ምክንያቱ በጽሑፍ መስፈር ነበረበት፤ በዛፍ ጥላ ሥር በቃል ለተነገረ ውሳኔ ግን መዝገብ የለውም። ስለዚህ የተበደለች ሴት «ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል» ብላ ብቻ ልትረታ አትችልም፤ «ሽማግሌዎቹ ጉቦ በልተዋል» ልትል ነው። ይህም አጎቷን፣ የክርስትና አባቷን፣ በሠርጓ ዕለት አጠገቧ የቆመውን እማኝ በአደባባይ መወንጀል ማለት ነው። ለምስክርነት የምትጠራቸውስ እነማን ናቸው? ሙክቱን አብረው የበሉት ሰዎች ናቸው።

ሌላም እንቅፋት ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጉቦ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይቀጣ ስለነበር፣ ጨንቋት የከፈለች ሴት ሽማግሌውን ስታጋልጥ ራሷንም ማጋለጧ ነበር። የመጨረሻው ተስፋ ዙፋን ችሎት ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ስንቅ፣ የመንገድ ወጪና የአቤቱታ ጸሐፊ ዋጋ ያስፈልጋል።

የ1966ቱ አብዮት ዙፋን ችሎትን አስወገደ፤ በ1967 ዓ.ም. በታወጁት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች አማካይነትም የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎች ተቋቋሙ። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሥልጣን ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ እንዳለ ቆየ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1974 ዓ.ም. ላሳተሙት ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚል ስም ሲሰጡት አንባቢው አርእስቱን ለመረዳት ማብራሪያ ያስፈለገው አይመስልም።

ለውጡ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ካካሄደው ብርቱ ቅስቀሳ በኋላ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ለሽማግሌዎች የቀረላቸው ማስታረቅ ነው። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎች ተራ በተራ የየራሳቸውን አወጡ፤ ሳያወጡ በዘገዩት ዘንድ የ1952ቱ ሕግ መሥራቱን ቀጠለ። በቤተ ሰብ ክርክር አንዲት ሴት ጉቦን ሳታነሣ ውሳኔ ተሳስቷል ብላ በመደበኛው መንገድ ይግባኝ ለማለት የቻለችው በዚህ ለውጥ ነው። የአዋጁ ትልቅነት በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ጋብቻ ዕድሜና ስለ እኩልነት በደነገገው ቢሆንም፣ ይህ ጎኑ ከዚያ አያንስም።

ይሁን እንጂ መማለጃው ከዛፍ ጥላ ተነሥቶ የቢሮ ደጃፍ ሊከተል መቻሉ የታወቀ ነበር። መዝገብ የሚያመላልስ ሠራተኛ፣ ንብረት የሚገምት ባለሙያ፣ ቀጠሮ የሚሰጥ ዳኛ፣ ሁሉም የሚሸጠው ነገር ሊኖረው ይችላል። በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ስለ ዳኞች ምግባር አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ ሆነ፤ በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተመሠረተ፤ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፖሊስና ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛወረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በወንጀሉ ቢሳተፍም ክስ ከመመሥረቱ በፊት ጠቃሚ መረጃ የሰጠ ሰው ከክስ ነጻ የሚሆንበትን መንገድ ከፈተ። በዚህም ለጨነቃት ከፋይ መውጫ ተገኘላት።

የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ማንነትን መሰወርንና መኖሪያን ማዛወርን የመሳሰሉ ጥበቃዎችን ደነገገ። ጥበቃው ለማንኛውም ጥቆማ የሚሰጥ አይደለም፤ ወንጀሉ ከባድ መሆን፣ በጠቋሚው ላይም ከባድ አደጋ መደቀን አለበት። በቤተ ሰብ ክርክር ግን ስም መሰወር ብዙም አይረባም። በመዝገቡ ላይ የሚገኙት ባለጉዳዮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከፋይ ከሆነ ጠቋሚው ማን እንደሆነ ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም። ዳኛው ከችሎት እንዲነሣ ማመልከት ይቻላል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያመለከተ ተከራካሪ ግን በገንዘብ ሊቀጣ እንደሚችል የ1988ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ደንግጎ ነበር። ማመልከቻዋ ውድቅ የሆነባት እናትም በቀጠሮዋ ቀን የልጇን አሳዳጊ ለማስወሰን የምትቆመው እዚያው ችሎት ፊት ነው።