ገበያ የገፋው አዳ

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሶፍትዌሮቹ ከ450 በላይ በሆኑ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ተጽፈው ግራ ቢገባው አንድ ጥብቅ ቋንቋ አሠራ፤ አዳን። ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ሊያነብ ሲል አዳ ያስቆመዋል። ሲ የተባለው ቋንቋ ግን ይህን ለፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ይተወዋል።

ገበያው የመረጠው ሲን ነው። ጥራት መዝኖ አይደለም። ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ከኮምፒውተር ንግድ ታግዶ ስለነበር፣ በሲ የተጻፈውን ዩኒክስ ለዩኒቨርሲቲዎች በርካሽ ሰጠ። ተማሪው ሲን ይዞ ተመረቀ፤ ቀጣሪውም ያገኘውን ቀጠረ። የአዳ ኮምፓይለር ደግሞ ውድ ነበር። ኮንግረስ በሕግ ቢያስገድድም ሚኒስቴሩ ራሱ በ1997 ግዴታውን አነሳ።

እርግጥ አዳም ተአምር አይሠራም፤ በ1996 ከተነሳ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የተበተነው አሪያን 5 ሮኬት የሚመራው በአዳ በተጻፈ ሶፍትዌር ነበር። የሲን ዕዳ ግን የሚከፍለው መራጩ አይደለም። በ2014 በሲ በተጻፈውና የድረ ገጾችን ምስጢር በሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ አንድ የርዝመት ፍተሻ ተዘልሎ ተገኘ፤ ሃርትብሊድ ተባለ። በዚያች ቀዳዳ የ900 ገደማ ካናዳውያን የማኅበራዊ መድን ቁጥር ከአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ተሰረቀ።