ከሆስፒታል አልጋ ወደ ቤት ደጃፍ፦ ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ያለው የማገገም ታሪክ



የቀዶ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የሐኪምና የመሣሪያ ታሪክ ሆኖ ይተረካል። ማን ምን እንደ ፈለሰፈ፣ መቼና ከምን ቁስ እንደ ሠራው ይጻፋል፤ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ከገጹ ውጪ ይቀራሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚያ ሳምንታት ነው። የዳሌ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው ስለምን ለረጅም ጊዜ ይተኛ ነበር? ምን አስነሣው? ቤቱ ሲደርስስ ማን ተቀበለው?

መገጣጠሚያን የመተካት ሙከራ ረጅም ዕድሜ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ በቲቢ የተጎዱ መገጣጠሚያዎችን በዝሆን ጥርስ ለመተካት ሞክረው ነበር፤ ድካማቸውን ኢንፌክሽን አከሸፈው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ በፓሪስ ወንድማማቾቹ ዡዴ ከአክሪሊክ የተሠራ የጭን አጥንት ራስ መትከል ጀመሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ይህ ምትክ ስለ ተተከለለት አንድ ሰው ይተርኩ ነበር። ሰውየው ወደ ገበታው ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ሲጢጥ ስለሚል፣ ሚስቱ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥን ትሸሽ ነበር። ቻርንሊ ከዚያ ድምፅ በመነሣት የመገጣጠሚያን ሰበቃ መመርመር ያዙ። ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ ከወለዱት ማስረጃዎች አንዱ ከአንድ ቤት የምግብ ገበታ የተገኘ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ጎዳ፤ ብዙ ታካሚዎችም ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ቴፍሎኑን በጠንካራ ፖሊኤቲሊን ተክተው፣ ትንሽ የብረት ራስ አጣምረው፣ ሁለቱንም በአክሪሊክ ሲሚንቶ ከአጥንት ጋር አያያዙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ስልት መሠረቱ ይህ ነው። ቻርንሊ ከዚህም አልፈው፣ ታካሚዎቻቸው ከሞቱ በኋላ ምትኩ ወጥቶ እንዲመረመር አስቀድመው እንዲፈቅዱ ይጠይቁ ነበር። የሥራቸው እውነተኛ መፈተኛ ሰዎቹ በየቤታቸው የሚኖሩት ዘመን መሆኑን ተረድተው ነበርና።

ነገር ግን መሣሪያው አዲስ ሲሆን፣ የማገገሙ ሥርዓት የቆየ ነበር። የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና ከሊቨርፑሉ ሂው ኦወን ቶማስ የወረሰው አስተምህሮ አጥንት የሚድነው በረጅምና ባልተቋረጠ ዕረፍት ነው የሚል ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ ታካሚው በእግሮቹ መካከል ትራስ ተደርጎለት ለቀናት ይተኛል፤ ሆስፒታል ውስጥም ሳምንታት ይቆያል። በዚህ ልማድ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከቀዶ ሕክምናው ራሱ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መተኛት በራሱ ደምን እንደሚያረጋ፣ ጡንቻን እንደሚያከሳ፣ አጥንትን እንደሚያሳሳና ቆዳን እንደሚያቆስል አስጠንቅቀው ነበር። በዳሌ ቅየራ ታካሚዎች ዘንድ ከእግር ተነሥቶ ሳንባን የሚዘጋ የረጋ ደም የታወቀ የሞት ምክንያት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ሥርዓቱ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው።

ታካሚውን ከአልጋ ያስነሡት ሁለት ኃይሎች ናቸው። የመጀመሪያው ዕውቀት ነው። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሻለ የሕመም ማስታገሻን፣ ቶሎ መመገብንና ቶሎ መነሣትን በአንድ አቀናጁ፤ መንገዱ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ወደ ዳሌና ጉልበት ተሻገረ። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የአሜሪካው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለሆስፒታሎች በሕመሙ ዓይነት የተወሰነ ዋጋ መክፈል ሲጀምር፣ እያንዳንዱ የአልጋ ቀን ለሆስፒታሉ ወጪ ሆነ። በሜዲኬር ታካሚዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 በአማካይ 9.1 ቀን የነበረው ቆይታ በ2007 እና 2008 ወደ 3.7 ቀን ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ቁጥር አብሮ መነበብ አለበት። በዚያው ዘመን ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሄዱት ከ68 በመቶ ወደ 48.2 በመቶ ሲቀንሱ፣ ወደ ማገገሚያ ተቋማት የተላኩት በዙ። ቀኖቹ የትም አልጠፉም፤ ወደ ሌላ ሰው እጅ ተሸጋገሩ እንጂ። ዛሬ ደግሞ ሆስፒታል ሳያድር በዕለቱ ቤቱ የሚገባ ታካሚ አለ። የነርሷ ሥራ፣ ማለትም ቁስል መጠበቅ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ደግፎ ማስነሣት፣ የቤተሰብ ሥራ ሆኗል። ይህን ሥራ በአብዛኛው ሴቶች ያለ ደመወዝ ይሠሩታል፤ በሆስፒታል መዝገብም አይቆጠርም።

ከዚህ ጋር ወደ ቤት የገባ ሌላ ነገር አለ፦ የክልከላ ዝርዝር። ዳሌው ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍ፤ እግር በእግር ላይ አይነባበር፤ የእግር ጣት ወደ ውስጥ አይዙር። ዓላማው መገጣጠሚያው እንዳይወልቅ ነው፤ በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ ለተሠራ ዳሌ ምክንያታዊ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከፊት ለጎን በተሠሩ ዳሌዎች ላይ ተጨማሪ ክልከላዎች ጥቅም እንዳላስገኙ አሳየ። ሕጉ ለሁሉም አንድ አለመሆኑ ታወቀ።

ዝርዝሩ ሲጻፍ በጸሐፊዎቹ ዓይን ፊት የነበረው ከፍ ያለ ወንበርና መቀመጫ ያለው መጸዳጃ ቤት ያለበት መኖሪያ ነው። በበርማዋ ማንዳሌይ ከተማ ግን ዶክተር ሳን ባው እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከ300 በላይ የተሰበሩ ዳሌዎችን ከዝሆን ጥርስ በተቀረጸ ምትክ ሲጠግኑ፣ ውጤታቸውን ከመዘኑባቸው ነገሮች አንዱ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ መቻሉ ነበር። መመዘኛው የመጣው ከታካሚው አኗኗር ነው። እኛም ይህን ልንዘነጋ አይገባም። በርጩማው ዝቅተኛ ነው፤ መደቡ ዝቅተኛ ነው፤ በብዙ ቤት መጸዳጃው ቁጢጥ ያሰኛል፤ አማኙ ይሰግዳል። ለእንዲህ ያለ ቤት «ከ90 ዲግሪ በላይ አትታጠፍ» የሚል ወረቀት ብቻውን ትእዛዝ እንጂ ምክር አይሆንም። ዱካውን በምን እንተካ፣ ስግደቱ መቼና እንዴት ይጀመር የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት።

ቋንቋችን ለዚህ ታሪክ የሚሆን ቃል አለው፤ አስታማሚ። በሆስፒታሎቻችን አስታማሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአልጋው አጠገብ አለ፤ ወደ ቤትም አብሮ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ልማዳችን ሌላም ገጽ አለው። ታማሚ በጠያቂ ይከበባል፤ «አረፍ በል፣ አትነሣ» ማለት የፍቅር ምልክት ነው። የቶማስ የዕረፍት አስተምህሮ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በመልካም ፈቃድ ቤታችን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። የተተካው ዳሌ የሚጠነክረው ግን በቀን ውስጥ ተደጋግሞ በሚደረግ አጭር እርምጃ ነው። ጠያቂ ለታማሚው ክራንቹን አቀብሎ እስከ ደጃፍ አብሮት ቢራመድ፣ ለጥየቃው ክብር ይጨምርለታል።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው ይህ ነው። ታካሚን ስታሰናብቱ የምትጠይቁት ጥያቄ ስለ ቁስሉ ብቻ አይሁን። ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? የሚቀመጠው በምን ላይ ነው? ሌሊት የሚያስነሣው ማን ነው? ያቺ አስታማሚስ የምታርፈው መቼ ነው? የዳሌ ቅየራ ታሪክ የሚያስተምረን፣ መልሶቹ ሳይታወቁ የተደረገ ስንብት ሥራውን ወደ ሌላ ትከሻ ማዛወር ብቻ መሆኑን ነው።