የታሰረን መጠየቅ፥ የተፈታንም መቀበል

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሄሮድስ ትእዛዝ በወኅኒ ታስሮ ሳለ፥ ምእመናን በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ተሰብስበው ስለ እርሱ ይጸልዩ ነበር። ሰንሰለቱ ወልቆለት በሌሊት መጥቶ ደጁን ባንኳኳ ጊዜ ግን ሮዴ የምትባለው ብላቴና ድምፁን ዐውቃ ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ሮጠች፤ በቤት ያሉትም አላመኗትም። እንዲህ ሆኖ ከእስር የወጣው ሰው እንዲፈታ በሚጸልዩለት ሰዎች ደጅ ቆሞ ቀረ። በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 12 ከተጻፈው ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ መፈታትና ቤት መግባት ሁለት ነገር መሆናቸው ነው። እግር ብረቱን ዳኛ ያስፈታል፤ ደጁን የሚከፍተው ግን ጎረቤት ነው።

ወኅኒ ቤት የሚለው ስም የወጣው በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ተረከው፥ አድያም ሰገድ ዐፄ ኢያሱ በነገሡ ጊዜ ወደ አምባው ሄደው ዘመዶቻቸውን ቢያዩ ልብሳቸው አልቆ፥ ተጐሳቍለው አገኟቸው፤ ንጉሡም አዝነው ልብስና ገንዘብ ሰጧቸው፥ ቀለባቸውም እንዳይጓደል አዘዙ።

የተራው ሰው እስራት ግን ሌላ ዐይነት ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው ይሄዱ ነበር፤ ቍራኛ የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው። መንግሥት ለእስረኛ የሚሰጠው ቀለብ ብዙ ጊዜ ስላልነበረ፥ የታሰረው ሰው የሚኖረው በዘመድ ስንቅና በቤተ ክርስቲያን ደጅ በሚለመን ምጽዋት ነበር። ይህ ሥርዓት ጭንቅ የበዛበት ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም የታሰረው ሰው ከወገኖቹ ዐይን አለመራቁ ነው። እናት ወይም ሚስት ወይም እኅት አገልግል ይዛ የምትመላለስበት መንገድ፥ እርሱም በተፈታ ጊዜ የሚመለስበት መንገድ ሆኖ ይጠብቀው ነበር።

በኋላ ዘመን ወኅኒ ቤት በግንብ ሲሠራ እስረኛውና ሕዝቡ ተለያዩ። በአዲስ አበባ የነበረውን ትልቁን ወኅኒ ቤት ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ጠራው፤ ስሙ ራሱ እዚያ የገባ ሰው ወደ ዓለም አይመለስም የሚል ሐሳብ ያዘለ ነው። ያ ቤት ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሠርቶበት በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ከርቸሌ የሚለውም ስም ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው።

ሕጉ ግን ስለ መመለስ ዝም አላለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ወኅኒ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 45 ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያንን ተካ። በዚህ ሕግ ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ከቅጣቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ በፈጸመ ጊዜ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ደግሞም «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ የኖረና ያጠፋውን በተቻለው መጠን የካሰ ሰው፥ ፍርዱ ከመዝገብ ተሰርዞለት ከዚያ በኋላ እንዳልተፈረደበት ይቈጠራል። የቀድሞውን ጥፋቱን በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰው ቢኖር በሕግ ያስጠይቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፥ በዘመዶቹ፥ በወዳጆቹና በሃይማኖት አማካሪው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ በሕግ በኩል በሩ ተከፍቷል፤ ዳሩ ግን ሰውን በገዛ ማዕዱ እንዲያስቀምጠው ጎረቤትን የሚያስገድድ ሕግ ሊኖር አይችልም።

ሕዝቡ የተፈታን ሰው መቀበል አያውቅም ማለት አይደለም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተፈጸመው ግፍ በኋላ ጣልያኖች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደ ደናኔና ወደ ኖኵራ፥ መኳንንቱንም ባሕር አሻግረው ወደ ጣልያን አገር ወስደው አስረዋቸው ነበር። ከሞት የተረፉት ሲመለሱ ያገር ሰው በደስታ ተቀበላቸው፤ የታሰሩት ስለ አገራቸው ነበርና። ስለ ራሱ ጥፋት ታስሮ የተፈታ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እልልታ የለውም፤ አመሻሽቶ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። የሰው ፍቅር የሚፈተነውም በእንደዚህ ያለው እንግዳ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነፍስ ያጠፋ ሰው መመለስ ነው። ዳኛው ዘመን ቈጥሮ ይፈርዳል፤ የሟቹ ወገን ሐዘን ግን በዘመን ተቈጥሮ አያልቅም። ፍርዱን ፈጽሞ የወጣ ሰው በዕርቅ ካልተመለሰ በበቀል ሊገደል፥ ከዚያም ደም በደም ላይ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ በአማራ አገር ካህናት መስቀል ይዘው ከሽማግሎች ጋራ በመካከል ይቆማሉ፤ በዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሎች ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድነት ያስታርቃሉ። በሲዳማ አገር ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው፥ አፊኒ በሚባለው የመደማመጥ ሥርዓት ነገሩን ለሁሉ አሰምተው፥ ሐላሌ የሚሉትን እውነት እስኪያገኙ ይመረምራሉ፤ የፊቼ ጨምበላላ በዓል ሲደርስም የተጣሉ ይታረቃሉ። በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ የተበደለው ወገን አስቀድሞ ይሰማል። ሳይሰሙት ታረቅ ማለት ሁለተኛ በደል ነውና፥ የተፈታውን መቀበል የተበደለውን መርሳት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር የተቈረቈረች፥ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ የሠራት ከተማ ናት። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በእንደዚህ ያለች ከተማ ብዙ ሰው የሥጋ ዘመዱ በሩቅ ስለ ሆነ፥ ዕድርና ማኅበር፥ ሰንበቴና ዕቁብ በዘመድ ስፍራ ይቆማሉ። ይህ ለሌላው ሰው ሁሉ ሲበጅ፥ ከማረሚያ ቤት የወጣውን ግን ችግር ያጸናበታል። ወደ ትውልድ ቀበሌው ቢመለስ ያልታረቀ ደም ሊኖር ይችላል፤ በከተማው ልቀመጥ ቢል ወርኃዊ መዋጮውን ካልከፈለ ከዕድሩ መዝገብ ወጥቷል፤ የቤት ኪራይ የለውም፤ ሥራ ቢጠይቅም ዋስ አምጣ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ይዛ ብዙ ወጣት እንጀራ ፍለጋ በሚመጣባት በዚህች ከተማ፥ ዋስ የሌለው ሰው ከሁሉ በኋላ ይቆማል። በእስር ቤት እንጨት ሥራ ወይም ሽመና ተምሮ የወጣ እንደ ሆነ እንኳ፥ የእጁን ሙያ እንጂ የሰው እምነት ይዞ አይወጣም።

ዋስ የመሆን ነገር በሌላም አገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ጆን ኦጉስተስ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841 በስካር የተከሰሰን አንድ ሰው በዳኛ ፊት ዋስ ሆኖ ወሰደው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ከስካር ታቅቦ፥ መልኩ ተለውጦ ቢቀርብ ዳኛው አንድ ሳንቲምና ኪሣራ ብቻ ቀጣው። ጫማ ሰፊው ከዚያ ወዲህ በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች እንዲሁ አደረገ። በዓለም ሁሉ የታወቀው የአመክሮ ጠባቂ ሹም ሥራ ከእርሱ እንደ ተጀመረ ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በ2015 በኔልሰን ማንዴላ ስም ባጸደቀው ደንብ፥ የሕዝብ ግዴታ እስረኛው በተፈታበት ቀን እንደማያልቅ ወስኗል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ከማንም አስቀድማ ታውቀዋለች። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ መጨረሻውን አብሮ ይወስናል፤ ቀኖናውን የፈጸመ ሰው ከምእመናን መካከል ይቆማል እንጂ ዕድሜውን ሁሉ ውጭ አይቆይም። ዲድስቅልያም ጳጳሳት ንስሐ የገባውን በርኅራኄ እንዲቀበሉ ያስተምራል። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበት ስለ ሆነ፥ ይህን ሥራ ለመሥራት አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልገውም።

ሥራው በሦስት ጊዜ ይከፈላል። አስቀድሞ ሰውየው ታስሮ ሳለ ካህን እንዲጠይቀው፥ ልጆቹም ከትምህርት እንዳይቀሩ፥ የዕድሩም መዋጮ እንዳይቋረጥበት ማድረግ ነው። ሁለተኛው በሚፈታበት ቀን በማረሚያ ቤቱ ደጅ አንድ የሚያውቀው ሰው ልብስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዞ እንዲቆይ፥ ከተበደሉት ወገኖች ጋራ ያለውም ነገር በሽማግሎች እጅ እንዲያዝ ነው። ሦስተኛው በሚከተሉት ወራት መታወቂያ እንዲያወጣ መርዳት፥ ለቤትና ለሥራ ዋስ መሆን ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ገንዘቡን እንደሚያሰጋ የታወቀ ነው፤ የሚፈታ ሰው ሁሉም ተመልሶ እንደማያጠፋ ማንም ሊምል አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ ለአንድ ደግ ሰው ብቻ ሊተው አይገባም። ዐሥር የማኅበር አባሎች በአንድነት ዋስ ቢሆኑ፥ ጥፋት ቢመጣ ጉዳቱ ለዐሥር ይከፈላል፤ ሰውየውም የዐሥር ሰው ዐይን ስለሚጠብቀው ለማጥፋት ይከብደዋል።

በማርያም ቤት የነበሩት ምእመናን ዘግይተው ቢሆንም በመጨረሻ ከፍተው ጴጥሮስን አይተውታል፤ መዘግየታቸውም የተጻፈው በኋላ የሚመጡት እንዲማሩበት ነው። የኢዮቤልዩ በዓል በብሉይ ኪዳን የታሰረ የሚፈታበት፥ ሁሉም ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነበርና፥ ይህን በዓል የሚያከብር ጉባኤ ዛሬ ከማረሚያ ቤት የወጣው ሰው በማን ደጅ እንደ ቆመ ይጠይቅ።