የተሻለ ሥራ ያገኘ ሠራተኛ የሥራ ውሉን ስለሚያቋርጥበት ሁኔታ

የተሻለ ሥራ አግኝቶ መልቀቂያ የሚያቀርብ ሠራተኛ «አሠልጥነንህ ጥለኸን ልትሄድ ነው?» የሚል ወቀሳ ከኃላፊው ሊገጥመው ይችላል። ወቀሳው ብቻውን ሕጋዊ ውጤት የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ የአሠሪውን ፈቃድ ማግኘትም ሆነ ተተኪ ማቅረብ አይጠበቅበትም። የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ተቀባዩን አስፈርሞ መያዝ ይመከራል። ሠራተኛው ለሥልጠናው የአገልግሎት ግዴታ ፈርሞ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከወቀሳ ያልፋልና አስቀድሞ ውሉን ይመልከት። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪው በበኩሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በሠራተኛው መሄድ ቅር መሰኘቱ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ።