የገንዳው ጉድፍ

መቼም ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ የሞላለት ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ባለገንዳ በየማለዳው ከቅጠል ጋር ግብግብ አለበት። ነፋስ ያመጣው ቅጠል፣ ትንኝና ጢንዚዛ፣ የአበባ ብናኝ፣ ከዋናተኛው ገላ የለቀቀ ቅባትና ፀጉር፣ አብዛኛው መጀመሪያ የሚቀመጠው ከላይ ነው። በጊዜ ካልተነሣ ውኃ ጠግቦ ይሰምጣል። ታች ሆኖ ይበሰብሳል፣ ክሎሪኑን ይጨርሳል፣ ውኃውን ያበላሻል። ስለዚህ የገንዳ ጽዳት ሕግ አጭር ናት፦ ጉድፉን ሳይሰምጥ ያዘው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ስለ ገንዳ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። የጎተተችኝ «ጉድፍ» የምትለዋ ቃል ናት። ዓይን ውስጥ የገባውንም፣ ስም ላይ የተለጠፈውንም በአንድ ቃል እንጠራበታለን። የገንዳን ጉድፍ ታሪክ ስከተል አሜሪካ ደረስኩ፤ እዚያ ደግሞ ጉድፍ የተባለው ቅጠል ብቻ አልነበረም። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የጥንቱ ገንዳ ማጣሪያ የለውም። ውኃ ይሞላል፣ ሰው ይገባበታል፣ ሲቆሽሽ ተለቆ በአዲስ ይተካል። ጎንደር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ ዛሬም ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ የሚሞላው በዚሁ ዘዴ ነው። ቆየት ብሎ በገንዳ ጠርዝ ዙሪያ ቦይ መሥራት መጣ፤ የላይኛው ውኃ ጉድፉን ይዞ ወደ ቦዩ ይፈሳል። በ1910 ብራውን ዩኒቨርሲቲ የገንዳውን ውኃ በክሎሪን ማከም ጀመረ። የመኖሪያ ቤት ገንዳ ሲበዛ ደግሞ «ስኪመር» የሚባለው መሣሪያ ተስፋፋ። ገንዳው ግድግዳ ላይ አፍ አለው፤ አፉ ላይ ተንሳፋፊ መዝጊያ አለ። ፓምፑ ሲስብ መዝጊያው ዘንበል ብሎ የላይኛውን ስስ ውኃ ብቻ ያሳልፋል፤ ቅጠሉ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል። ውኃው የአፉ አጋማሽ ላይ መድረስ አለበት፤ በጣም ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ከበዛ መዝጊያው ሥራውን ይተዋል። ብልህ ሠሪ አፉን ነፋሱ ወደሚነዳበት ጫፍ ያደርገዋል፤ ጉድፉን ነፋሱ ራሱ ያመጣለታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውኃን የማጽዳት ጥያቄ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሳይጋመስ መልስ አግኝቷል። ሆኖም በዚያው ዘመን ብዙ ነጭ አሜሪካውያን ጥቁር ሰው የገባበትን ውኃ የረከሰ አድርገው ያዩ ነበር። «በሽታ ያስተላልፋሉ» ይባል ነበር። ክሎሪን ተህዋስያንን ይገድላል፤ ንቀትን ግን የሚገድል አይደለም።

ሰኔ 21 ቀን 1949 የሴንት ሉዊስ ከተማ የፌርግራውንድ ፓርክን ግዙፍ ገንዳ ለሁሉም ዘር ከፈተ። ጥቂት ጥቁር ልጆች መጥተው ዋኙ። ሲወጡ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ በዱላ ጠበቃቸው፤ ከንቲባው በማግስቱ አጥፊዎቹን በመገሠጽ ፈንታ የዘር ክልከላውን መለሱት። በዚያው ወር፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን፣ የአናኮስቲያ ገንዳ በተመሳሳይ ግጭት እስከ ወቅቱ መጨረሻ ተዘጋ። ሴንት ሉዊስ በ1950 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሯን ስትከፍት ነጩ ቀረ። በ1948 ክረምት 313,000 ጊዜ የተዋኘበት ገንዳ በ1951 ወደ 10,000 ወረደ፤ በ1956 ጨርሶ ተዘጋ።

ነጩ ዋና ትቶ ነው? አይደለም፤ ወደ ግቢው ገባ። በ1950 የመሬት ውስጥ ገንዳ የነበረው የአሜሪካ ቤተሰብ 2,500 ያህል ብቻ ሲሆን በ1999 ቁጥሩ ወደ አራት ሚሊዮን ደረሰ። የገቢ ማደግና የከተማ ዳር ሠፈሮች መስፋፋት ድርሻ አላቸው፤ ከማን ጋር እንደሚዋኙ የመምረጥ ፍላጎትም ድርሻ አለው። አጥሩም እንደ ስኪመሩ የማጣራት ሥራ ይሠራ ነበር።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የፍሎሪዳው ነው። ሰኔ 18 ቀን 1964 በሴንት ኦገስቲን ከተማ፣ ጥቁሮችና ነጮች አብረው የአንድ ሞቴል ገንዳ ውስጥ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ውኃው ላይ አሲድ አፈሰሰባቸው። አሲዱ ምን መሰላችሁ? ገንዳ የሚጸዳበት ነው። በማግስቱ የአሜሪካ ሴኔት የሲቪል መብቶችን ሕግ አጸደቀ። ሚሲሲፒ ውስጥ ያለችው ጃክሰን ከተማ ግን አብሮ ከማዋኘት መዝጋት ይሻላል ብላ የሕዝብ ገንዳዎቿን ዘጋች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ መዝጋት ትችላለች አለ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን በተውኩት። ገንዳ የተከለከለች አያት ልጇን ዋና አላስተማረችም፤ ያልተማረውም ልጅ የራሱን ልጅ አላስተማረም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን የነጮቹ እኩዮቻቸው 7.6 እጥፍ ነው። በጊዜ ያልተነሣ ጉድፍ ይሰምጣል ብለን አልነበር? ይኸው፣ የሰመጠው ልጅ ሆነ። ከደጋ አገር ሄዳችሁ እዚያ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ።

እዚህ ያለነውስ? ፈረንጅን አምተን እንዳንተኛ። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው እንስራ ውኃ እየጠጣን እሷን ከማዕድ ያራቅን፣ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሰን እየበላን «ቡዳ ነው» ያልን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስድቡ ዛሬም በየሠፈሩ ይሰማል። ለጋብቻ ሲሆን አሁንም «ዘሩ ምንድን ነው?» እየተባለ ይጠየቃል።

ገንዳ ያላችሁ ቅጠላችሁን በማለዳ ልቀሙ፤ ደግ ነው። ገንዳ የሌለን ደግሞ ቢያንስ ልጆቻችን ፊት ሰውን በሥራውና በዘሩ ጉድፍ ማለት እናቁም። ይህ ከልጅ ልብ ታች ከወረደ በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል።